ከ541 ጥያቄዎች 30ው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች አያያዝ ሲመዘን የኖረበት መንገድ

በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር አንድን የአረጋውያን መጦሪያና መታከሚያ ቤት ለመመርመር የሚላክ ተቆጣጣሪ በብብቱ ሸጉጦ የሚገባው አንድ ወፍራም ቅጽ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቅጹ 541 ጥያቄዎችን የያዘ ነው። ቤቱ የአስተዳደር ቦርድ አለው ወይ? ከሆስፒታል ጋር ሕመምተኛ የሚያስተላልፍበት የጽሑፍ ውል አለው ወይ? የምግብ ባለሙያ አለው ወይ? የሕመምተኞች መዝገብ በአግባቡ ይቀመጣል ወይ? አደጋ ቢደርስ ነዋሪዎቹ የሚወጡበት ዕቅድ ተዘጋጅቷል ወይ? እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ተቆጣጣሪው በየጥያቄው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የጎላ ጉድለት ካላገኘ፣ ቤቱ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበልበት የምስክር ወረቀት ይታደስለታል። ጉዳዩ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲታይ ታዲያ፣ ከእነዚህ 541 ጥያቄዎች መካከል የተጧሪውን አያያዝ በጥቂቱም ቢሆን የሚመለከቱት ወይም ተቆጣጣሪው አልጋ ላይ የተኛውን ሰው ዝቅ ብሎ እንዲያይ ሊያስገድዱት የሚችሉት 30 ብቻ ሆነው ተገኙ።

ይህ ቁጥር የአንድ ጸሐፊ ስሕተት ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ስንፍና ውጤት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ነገር ግን ከበስተጀርባው ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ቤቱ ደኅና፣ ዕቃው የተሟላ፣ መዝገቡም የተስተካከለ ከሆነ እንክብካቤው መልካም መሆኑ አይቀርም የሚል ግምት ነው። በዚህ ግምት ምክንያት «ቤቱ እንክብካቤ ሊሰጥ ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «እንክብካቤ ሰጥቷል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኖረ። ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ምን ያህል ጊዜ እንደ ወሰደና ምን ያህል የሰው ሕይወት እንዳስከፈለ ማወቅ፣ የነርስነት ሙያ ላለው ሰው የባዕድ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከድሆች ቤት ነው። እስከ 1930ዎቹ ዓመታት ድረስ ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዱ ሊጦረው ያልቻለ አሜሪካዊ ሽማግሌ የመጨረሻ መጠጊያው በየአውራጃው ያለው የድሆች ቤት ነበር፤ በዚያም ከአእምሮ ሕመምተኛው፣ ከአካል ጉዳተኛውና ከሥራ አጡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይኖር ነበር። በ1935 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲወጣ፣ ለችግረኛ አረጋውያን የሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ በመንግሥት ተቋም ውስጥ ለሚኖር ሰው እንዳይከፈል ተደነገገ። አሳቡ ቅን ነበር፤ ሽማግሌው በእጁ ጥቂት ገንዘብ ከያዘ ከዚያ ቤት ይወጣል፣ ቤቱም ራሱ ሰው አጥቶ ይዘጋል ተብሎ ነው። የድሆቹ ቤትም በእርግጥ እየተመናመነ ሄደ። ይሁን እንጂ ሰው ገንዘብ ስለ ያዘ ብቻ ከአልጋው ተነሥቶ ራሱን ማጠብ አይችልም። ስለዚህ አቅመ ደካማው እርዳታውን ይዞ ወደ ግል አዳሪ ቤቶች ገባ። ትርፍ ክፍል ያላት ባልቴት፣ ሥራ ያጣች ነርስ፣ ሰፊ አሮጌ ቤት በርካሽ የገዛ ነጋዴ፣ ሁሉም የመጦሪያ ቤት ባለቤት ሆኑ። በ1950 ሕጉ ሲሻሻል፣ ግዛቶች እነዚህን ቤቶች የሚቆጣጠር ባለሥልጣን እንዲሰይሙ ግዴታ ገባባቸው፤ ምን እንደሚቆጣጠሩ ግን ለራሳቸው ለግዛቶቹ ተተወ።

ከዚያም በ1954 ለሆስፒታል ግንባታ ድጎማ የሚሰጠው የሂል በርተን ሕግ ተስፋፍቶ፣ ለትርፍ ያልቆሙ መጦሪያ ቤቶችም ከዚያ ገንዘብ እንዲካፈሉ ተፈቀደ። ገንዘቡ ግን ከነሥርዐቱ መጣ። ሕንጻው እንደ ሆስፒታል ይሠራ፣ ረጅም መተላለፊያና በመሐሉ የነርሶች ጠረጴዛ ይኑረው ተባለ። ሰው ለሳምንት የሚተኛበት ቤት ንድፍ ሰው ዕድሜውን ለሚጨርስበት ቤት ተሰጠ። ከዚህ በኋላ የመጣው ቁጥጥር ሁሉ የሆስፒታልን ዓይን ይዞ ገባ።

በሐምሌ ወር 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን ፕሮግራሞች በፊርማቸው ሲያጸድቁ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በአንድ ጊዜ የመጦሪያ ቤቶች ዋና ደንበኛ ሆነ። ደንበኛም የሚገዛውን ነገር መመልከት ነበረበት። በሜዲኬር ለመግባት ካመለከቱት 6000 ያህል ቤቶች መካከል የተጻፈውን መመዘኛ ሙሉ በሙሉ ያሟሉት 740 ብቻ ሆኑ። እነዚህን ብቻ መቀበል ማለት ለሕዝብ ቃል የተገባለትን አገልግሎት ማስቀረት ማለት ነበር። ስለዚህ «በአብዛኛው አሟልተዋል» የሚል አዲስ ማዕረግ ተፈጥሮ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ቤቶች ገቡ። መመዘኛ ከተመዛኙ ጋር መደራደር የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ድርድሩም እስከ ዛሬ አላበቃም።

ስለ ሕንጻው የተጨነቁት ሰዎች በከንቱ ተጨነቁ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በኅዳር ወር 1963 በኦሃዮ ግዛት በፊችቪል መንደር አንድ መጦሪያ ቤት በሌሊት ተቃጥሎ 63 ሰዎች አለቁ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት የሆነ ነገር ስለ ነበር፣ አገሩ በሌላ ኀዘን ተውጦ የእነዚያን አረጋውያን መርዶ በቅጡ የሰማው የለም። በጥር ወር 1970 በዚያው ግዛት በማሪዬታ ከተማ ሌላ ቤት ተቃጥሎ ከ30 በላይ ተጧሪዎች ሞቱ። ይህኛው ግን የድሮ የእንጨት ቤት አልነበረም፤ እሳት ይቋቋማል የተባለ አዲስ ሕንጻ ነበር። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ተያይዞ ያወጣው ጭስ ነው ሰዎቹን የጨረሳቸው። በዚያው ዓመት በባልቲሞር በአንድ መጦሪያ ቤት በተበከለ ምግብ ምክንያት የሳልሞኔላ በሽታ ገብቶ 25 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለ አደጋ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ተጠያቂ ይፈለግለታል፤ የመውጫው በር ስፋትም በሜትር ይለካል። በአልጋ ቁስል ቀስ በቀስ የሚሞት ሰው ግን ጭስ የለውም።

ያም ሆኖ ሰውን በአልጋው አጠገብ ሆኖ የሚመዝን መሣሪያ ጠፍቶ አልነበረም። በሥራ ላይ ያሉ ነርሶችና ሐኪሞች ሠርተውት ነበር። በለንደን ዶሪን ኖርተን የተባለች ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር በአረጋውያን ሕመምተኞች ላይ ያደረገችውን ምርመራ በ1962 አሳተመች። የሕመምተኛውን የአካል ሁኔታ፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ እንቅስቃሴ፣ በአልጋው ላይ ራሱን የማገላበጥ ችሎታና ሽንቱን የመቆጣጠር አቅም እያንዳንዱን ከ1 እስከ 4 ነጥብ በመስጠት፣ ድምሩ ከ20 ታስቦ 14 ወይም ከዚያ በታች የሆነው ሰው የአልጋ ቁስል እንደሚያሰጋው አሳየች። በዛሬው ጊዜ የነርስነት ተማሪ ሁሉ ይህን መለኪያ ወይም ከእርሱ የተወለዱትን ያውቃል። በዓመቱ፣ በ1963፣ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ሲድኒ ካትዝ የተባለ ሐኪም በበኩሉ አንድ ሰው በዕለት ኑሮው ምን ያህል ራሱን እንደቻለ የሚለካበትን ስድስት ነገር አቀረበ። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት ሄዶ መመለስ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር፣ በእጅ መጉረስ ናቸው። ካትዝ እንዳስተዋለው ሰው እነዚህን ችሎታዎች የሚያጣቸው በዘፈቀደ አይደለም፤ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ የሚያገግም ሽማግሌ ችሎታውን የሚመልስበት ቅደም ተከተል ሕፃን ልጅ ከሚያድግበት ቅደም ተከተል ጋር ይመሳሰላል።

በ1966 ደግሞ ከቤይሩት የመጣ አርመናዊ ሐኪም፣ አቬዲስ ዶናቤዲያን፣ የሕክምናን ጥራት ለመመዘን ሦስት በሮች እንዳሉ ጻፈ፤ እነርሱም አቋሙ፣ አሠራሩና ውጤቱ ናቸው። አቋም ማለት ሕንጻው፣ ዕቃውና የሠራተኛው ዓይነት ነው። አሠራር በሕመምተኛው ላይ በእርግጥ የተፈጸመው ነገር ነው። ውጤት ደግሞ ሕመምተኛው የደረሰበት ሁኔታ ነው። ዶናቤዲያን ሦስቱ የተያያዙ መሆናቸውን ቢያስተምርም፣ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላውን በግምት መደምደም እንደማይገባ አጥብቆ አስጠንቅቋል። የመንግሥቱ ቅጽ ግን በመጀመሪያው በር ገብቶ እዚያው በረንዳው ላይ ቀረ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡ መቆጣት ጀመረ። ራልፍ ኔደር ያሰባሰባቸው ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች በመጦሪያ ቤቶች ውስጥ ያጠኑትንና አንዳንዶቹም በረዳትነት ተቀጥረው በዓይናቸው ያዩትን ይዘው በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 ተቆጣጣሪዎችን ለማሠልጠን ቃል ገቡ። የዩታው ሴናተር ፍራንክ ሞስ የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ ለዓመታት የሰበሰበውን ምስክርነት ከ1974 ጀምሮ በተከታታይ ሲያሳትም፣ የዘገባውን ርዕስ የመንግሥት ፖሊሲ ውድቀት እንደ ሆነ አድርጎ ነው የሰየመው። ዘገባ ግን ዘገባ ነው። ነገሩን ያንቀሳቀሰው ከዴንቨር የመጣ ክስ ነው።

በ1975 በኮሎራዶ ግዛት በአንድ መጦሪያ ቤት ይኖሩ የነበሩ ተጧሪዎች በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። በታሪክ «የስሚዝ ጉዳይ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። የክሱ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ተጧሪዎቹ በቤታቸው ባለቤት ላይ ብቻ አልቆሙም፤ የፌዴራሉን የጤና ሚኒስትርም ከሰሱ። አቤቱታቸው ሲጠቃለል፣ መንግሥት ለእንክብካቤያችን ገንዘብ ይከፍላል፣ የከፈለበት እንክብካቤ መሰጠት አለመሰጠቱን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ሳያውቅ መክፈሉም ሕግ መጣስ ነው የሚል ነበር። መመዘኛዎቹ ክፉ ናቸው አላሉም። መመዘኛዎቹ የሚረጋገጡበት ቅጽ ቤቱን እንጂ ሰውን አያይም ነው ያሉት።

ክሱ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በ1983 የዴንቨሩ ዳኛ በሰጡት ፍርድ በአንዳንዶቹ ቤቶች ያለው ጉድለት እጅግ ከባድ መሆኑን፣ ቤቶቹንም የሽማግሌዎች እጓለ ማውታ ማሳደጊያ ማለት እንደሚቻል መዘገቡ፤ የ541ና የ30 ቁጥርም የተነሣው በዚሁ ክርክር ነው። ይሁን እንጂ ሚኒስትሩን በሕግ የሚያስገድድ ነገር አላገኘሁም ብለው ክሱን ሳይቀበሉ ቀሩ። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ ዳኛው የተጧሪዎቹን ሁኔታ አምነዋል፣ ቅጹ ያንን ሁኔታ እንደማያሳይም አምነዋል፣ ግን ለማወቅ የሚገደድ ባለሥልጣን አላገኙም። በጥቅምት ወር 1984 የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህን ሻረው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቤት ለታካሚዎቹ የሚሰጠው እንክብካቤ ከሕጉ ጋር መስማማቱን የሚያውቅበትን መንገድ ማቋቋም የሚኒስትሩ ግዴታ ነው ብሎ ፈረደ። የትኛውን ቅጽ ይጠቀሙ ብሎ አላዘዘም፤ የማወቅ ግዴታ ግን አለብዎ አለ። በዚህ ፍርድ ባለማወቅ የሚገኘው ከለላ ተነሣ።

ክሱ በይግባኝ ላይ ሳለ በዋሽንግተን ሌላ ትግል ይካሄድ ነበር። በ1982 የሬገን መንግሥት ቁጥጥሩን ለማላላት ያቀረበው ረቂቅ ብዙ ተቃውሞ ስላስነሣ፣ ምክር ቤቱ ለውጡን አግዶ ጉዳዩ እንዲጠና ጠየቀ። ጥናቱን በ1983 የተረከበው ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜዲሲን ሲሆን፣ የጥናት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሆነው የተሰየሙት ያው የክሊቭላንዱ ሐኪም ሲድኒ ካትዝ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በፊት የሽማግሌዎችን መታጠብና መጉረስ ይቆጥሩ የነበሩት ሰው አሁን የመንግሥትን ቅጽ እንዲመረምሩ ተጠሩ። ኮሚቴው በ1986 ባወጣው ዘገባ ቁጥጥሩ ከቤቱ አቅም ወደ ተጧሪው ሁኔታ እንዲዞር፣ ተቆጣጣሪዎች ነዋሪዎችን እንዲያነጋግሩና እያንዳንዱ ተጧሪ በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲመዘን መከረ።

በዚሁ ጊዜ የተደረገ አንድ ሌላ ጥናት ከዚህ ትልቅ ዘገባ ይልቅ ሊታወስ ይገባዋል። ኤልማ ሆልደር በ1975 የመሠረተችው የመጦሪያ ቤቶች መሻሻል የዜጎች ኅብረት በ15 ከተሞች ከ400 በላይ ተጧሪዎችን በቡድን በቡድን ሰብስቦ አንድ ቀላል ነገር ጠየቀ፤ ለእናንተ መልካም እንክብካቤ ማለት ምንድን ነው? ውጤቱ በ1985 ታተመ። ባለሙያዎች የጠበቁት መድኃኒት፣ ሐኪም፣ ንጽሕና ነበር። ተጧሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የጠሩት ግን ሠራተኛውን ነው። በተለይም በየቀኑ የሚነካቸውን፣ የሚያነሣቸውን፣ የሚያጎርሳቸውን ረዳት አስታማሚ ጠባይ ነው። በደግነት ይናገረኛል ወይ? ስጠራው ይመጣል ወይ? ከዚያ ቀጥሎ የምግቡ ነገርና በራስ ጉዳይ ላይ መምረጥ መቻል መጣ። እነዚህ ሰዎች ስለ ቦርዱና ስለ ውሉ አላነሡም። ስለ እነዚያ የሚጠይቀው የመንግሥት ቅጽም ስለ ደግነት አላነሣም ነበር።

በታኅሣሥ ወር 1987 የወጣው የመጦሪያ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ከነዚህ ሁሉ ምንጮች የተቀዳ ነው። ቤቱ እያንዳንዱን ተጧሪ በአካልም፣ በአእምሮም፣ ከሰው ጋር ባለው ኑሮም ሊደርስበት ወደሚችለው ከፍተኛ ደረጃ ለማድረስ ወይም በዚያው ለማቆየት የሚያስፈልገውን እንክብካቤ መስጠት አለበት ሲል ደነገገ። ምርመራው ሳይነገር በድንገት እንዲደረግ፣ በሁለት ምርመራዎች መካከል ከ15 ወር በላይ እንዳያልፍ አዘዘ። ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ሰውን ማሰር ተከለከለ። ረዳት አስታማሚ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ሳይወስድ በቋሚነት እንዳይሠራ ተወሰነ።

ይህ የ75 ሰዓት ነገር ኢትዮጵያውያንንም ይነካል። ከአገራቸው ወጥተው በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ከሰፈሩት መካከል በዚሁ ሥልጠና አልፈው በመጦሪያ ቤት ረዳትነት የሚሠሩ ጥቂት አይደሉም። ከነርሱም ውስጥ በአገራቸው መምህር ወይም ነርስ የነበሩ ይገኙበታል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር ያደገ ሰው፣ ጧሪነት የሰዓት ደመወዝ ተቆርጦለት በቅጽ ላይ ምልክት የሚደረግበት ሥራ ሆኖ ሲያገኘው የሚሰማውን ስሜት እንዲህ ባለ ጽሑፍ መግለጽ ያስቸግራል። የእንክብካቤውን ጥራት የሚነግሩት ቁጥሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ግን ከእርሱ ብዕር ነው። ተጧሪዋ ዛሬ ለብሳ ለመነሣት የስንት ሰው እርዳታ ፈለገች? ምሳዋን ምን ያህል በላች? ስንት ጊዜ ተገላበጠች?

ሕጉ ያስገኘው መልካም ነገር ሐሰት አይደለም። ከ1990 ጀምሮ በየቤቱ ያለ ተጧሪ ሁሉ በአንድ ወጥ መለኪያ እንዲመዘን ሲደረግ፣ የካትዝ አሳብ በአገር ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ100 ተጧሪዎች 40 ያህሉ በመቀነት፣ በጃኬት ወይም በወንበር ማገጃ ይታሰሩ ነበር፤ ይህ ቁጥር ሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ 5 ወረደ። ማሰር ሰውን ከመውደቅ ያድናል የሚለው የቆየ እምነትም ስሕተት መሆኑ ታወቀ።

መለኪያው ግን አዲስ መዘዝ አመጣ። ድሮ ማንም ሰውን አይመዝንም ነበር፤ አሁን ሰውን የሚመዝነው የሚመዘነው ቤት ራሱ ሆነ። ጆን ሽኔልና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ መጦሪያ ቤቶች ውስጥ ሠራተኛው የጻፈውን ከሚያዩት ነገር ጋር ሲያስተያዩ፣ መዝገቡ ከእውነቱ ይልቅ ያማረ ሆኖ አገኙት። ግማሹ የተረፈ ሣህን «አብዛኛውን በልቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ወደ መጸዳጃ ያልተወሰደ ሰው ተወስዷል ይባላል። በዚህ ረዳቱን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። የብዙ ሰው አደራ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ መሥራትና መጻፍ በአንድ ጊዜ ሲያቅተው፣ የሚቀጣው ባልጻፈው ነገር ነውና መጻፉን ያስቀድማል።

በታኅሣሥ ወር 2008 መንግሥት ቤቶችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ደረጃ እየሰጠ ለሕዝብ ማሳወቅ ጀመረ። እናቱን የት እንደሚያስገባ ለሚጨነቅ ልጅ ነገሩ ትልቅ እፎይታ ይመስላል። የሠራተኛውን ብዛት ግን ለብዙ ዓመታት የሚያስታውቀው ቤቱ ራሱ ነበር፤ ከ2016 ጀምሮ የደመወዝ መዝገብ እንዲቀርብ ሲደረግና ከ2018 ወዲህ ኮከቡ በዚያ ሲሰላ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ የሠራተኛው ቁጥር እንዴት እንደሚያሽቆለቁል ታየ። የመድኃኒቱ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሽማግሌ ለማደንዘዝ የሚሰጠውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለመቀነስ በ2012 ዘመቻ ተከፈተ፤ በ2011 መጨረሻ ከ100ው 24 ያህሉ ይወስዱት የነበረው እየቀነሰ መጣ። በስሌቱ ውስጥ ግን ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው አይቆጠርም ነበር። ጋዜጦች በ2021 እንዳወጡት፣ ከዘጠኝ ተጧሪዎች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት ተመዝግቧል። ይህ በአብዛኛው በወጣትነት የሚጀምር በሽታ መሆኑን ለሚያውቅ ባለሙያ የቀረው ግልጽ ነው። መንግሥት በ2023 የበሽታውን አመዘጋገብ መመርመርና አጉድለው የተገኙትን ቤቶች ኮከብ መቀነስ ጀመረ። በየካቲት ወር 2020 የኮሮና ወረርሽኝ በአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች መግባቱ መጀመሪያ የታወቀበት፣ በዋሽንግተን ግዛት በኪርክላንድ የሚገኘው ቤትም አምስት ኮከብ ነበረው። በዚያ ቤት በሽታ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ከመዝገቡ ሁሉ ይልቅ የማይዋሸው የእጅ ብዛት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በ2001 ለመንግሥት የቀረበ ጥናት፣ ለአንድ ተጧሪ በቀን በድምሩ ከ4.1 የነርስና የረዳት ሰዓት በታች ሲሆን ጉዳት እንደሚበዛ አሳይቶ ነበር። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ መንግሥት ደንብ አውጥቶ ዝቅተኛውን ልክ 3.48 ሰዓት አደረገው፤ ነርስም ሌሊትና ቀን ከቤቱ እንዳይለይ አዘዘ። የቤቶቹ ባለንብረቶች ሠራተኛ ከየት ይመጣል ብለው ተቃወሙ። በሚያዝያ ወር 2025 በቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት የደንቡን ዋና ክፍል ሻረው፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ደንቡ እስከ 2034 ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል አገደ። የስሚዝ ጉዳይ መንግሥት የማወቅ ግዴታ እንዳለበት አረጋገጠ እንጂ፣ ያወቀውን ምን እንደሚያደርግበት አልወሰነም ነበር።

ታዲያ ለምን ተጧሪውን ራሱን ጠይቆ አይጨረስም የሚል ይኖር ይሆናል። በዚህ በኩል ያለው ችግር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት «እንዴት ነዎት? በደንብ ይዘዎታል?» ተብለው በእንግዳ ሰው ሲጠየቁ «ተመስገን ነው፣ ምን ጎደለኝ» ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ከፊሉ ከጨዋነት፣ ከፊሉም እንግዳው ሲሄድ ከሠራተኛው ጋር የሚቀሩት እርሳቸው መሆናቸውን ስለሚያውቁ ነው። አሜሪካዊውም ሽማግሌ በዚህ አይለይም፤ የነዋሪዎች የእርካታ ጥናት ውጤት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከፍተኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከፍርድ ወደ ፍላጎት መዞር ነበረበት።

በ2010 የተጧሪዎች መመዘኛ ቅጽ ሦስተኛ ዕትም ሲወጣ ይህ በከፊል ተፈጽሟል። ነርሷ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው ከተጧሪው ፊት ተቀምጦ ስለ ሕመሙና ስለ ስሜቱ፣ ቀጥሎም ስለ ኑሮው ልማድ እንዲጠይቅ ታዘዘ። የሚለብሱትን ልብስ ራስዎ መምረጥ ምን ያህል ያስፈልግዎታል? ንብረትዎን ራስዎ መጠበቅ? ገላዎን በገንዳ ወይስ በሻወር መታጠብ? የመኝታ ሰዓትዎን መወሰን? ሰው ሳይሰማ በስልክ መነጋገር? ዕቃዎን የሚቆልፉበት ቦታ ማግኘት? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተጧሪው በጣም ያስፈልገኛል ከማለት አንሥቶ ጨርሶ አያስፈልገኝም እስከ ማለት ድረስ ይመልሳል። ከነዚህ በታች ቁጥር 5 የተሰጠው ሌላ መልስ አለ፤ ትርጉሙም ነገሩ ያስፈልገኛል፣ ግን አልችልም ወይም ምርጫ የለኝም ማለት ነው። ቁጥር 5 ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ በኮከቦቹ ስሌት ውስጥ አይገባም።